ከቦናያ እስከ ኮሚሶ

በደቡብ ሲሲሊያ፣ ኮሚሶ ከምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1930ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ለጦሯ የሠራችው ነው፤ ስሙንም «ቪንቼንዞ ማሊዮኮ» አለችው። ማሊዮኮ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ሲሲሊያ ሳይሆን ወለጋ ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ገና ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመጠቅለል፣ ከደጃዝማች ሀብተ ማርያም ጋር ሊነጋገሩ ነበር የመጡት። (ይህን እኛ ስንተርክ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።) ከወረዱት መካከል በምሥራቅ አፍሪቃ የኢጣሊያ አየር ኃይል ምክትል አዛዥ የነበረው ጄኔራል ማሊዮኮ አንዱ ነው። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ ልጆች፣ የሆለታ እጩ መኮንኖች የሚበዙባቸው፣ ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ ጋዩ። ከእንግዶቹ የተረፈው አንድ ሚሲዮናዊ ቄስ ብቻ ነበር።

በልጅነታችን ይህ ታሪክ ሲወራ ልባችንን የሚሞላው የአውሮፕላኖቹ መቃጠል ነበር። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ ከሰማይ ለወረደበት ትውልድ፣ ያ ፍጥረት አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ላይ ቆሞ መያዙ ቀላል ነገር አልነበረም። የሟቹ ስም ወዴት እንደሄደ ግን የነገረን የለም።

ስሙ ኮሚሶ ሄዶ አረፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ማልታን ሊደበድቡ ከዚያ ይነሡ ነበር፤ በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ያዙት። በ1980ዎቹ ደግሞ ኔቶ 112 የኑክሌር ክሩዝ ሚሳይሎች ሊያኖርበት ወሰነ። ይህን አጥብቆ የተቃወመው የሲሲሊያው ኮሚኒስት ፖለቲከኛ ፒዮ ላ ቶሬ ሚያዝያ 30 ቀን 1982 እ.ኤ.አ. ፓሌርሞ ላይ በማፊያ ተገደለ። ሚሳይሎቹ በ1987ቱ የአሜሪካና የሶቪየት ስምምነት መሠረት ተነሥተው፣ የመጨረሻዎቹ በ1991 ወጡ። በ1999 የወታደሮቹ ቤቶች የኮሶቮ ስደተኞች መጠለያ ሆኑ።

ቀጥሎ የስም ጠብ መጣ። በ2007 ማረፊያው በላ ቶሬ ስም ተሰየመ፤ በ2008 የከተማው አስተዳደር ማሊዮኮን መለሰው፤ በ2013 ለሲቪል በረራ ሲከፈትም የጄኔራሉ ስም እንዳለ ነበር። ያን ጊዜ በዚያ ያለፈ ዘመዴ አጠገቡ የተቀመጠውን ሽማግሌ ማሊዮኮ ማን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «አፍሪቃ ውስጥ የሞተ አብራሪ ነው» ብሎት እርፍ። አፍሪቃ ውስጥ የሞተ! ወባ የገደለው ነው የሚመስለው። ምን ሊሠራ እንደሄደ፣ ማን እንደገደለው፣ አዛዥ የሆነበት አየር ኃይል በሰው አገር ላይ ምን እንዳፈሰሰ፣ ሁሉም በሁለት ቃል ተሸፍኖ ቀረ።

በ2014 የላ ቶሬ ስም ተመለሰ። ደስ ብሎኛል፤ ሰውየው ይገባዋል። ነገር ግን ጄኔራሉን ከበሩ ላይ ያወረደው የቦናያ ጉዳይ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም። የኢጣሊያኖች የግራና የቀኝ ጠብ ነው ያወረደው። ከጥቁር አንበሳ መኮንኖች መካከል ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በግፍ ተገድለዋል፤ በኮሚሶው ክርክር ስማቸውን ያነሣ አልሰማሁም።