ይሉኝታና ትኩሳት

ከትኩሳት ይልቅ የሚያስፈራኝ፣ ጤና ጣቢያ ተራ ጠብቄ ገብቼ «ለዚህች ነው እንዴ የመጣሽው?» መባል ነው። ይሉኝታው የቤተሰብ ነው። እኛ ቤት የታመመ ሰው መጀመሪያ «ምች ነው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይታሽለታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ካላበው ተሻለው ማለት ነው። ዳማከሴን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ሽታው ብቻውን ግማሽ ያድናል ብል ሐኪሞች ይታዘቡኝ።

ጥቅምት ላይ እህቴ የዘጠኝ ወር ልጇን ይዛ ከመተማ ጎንደር መጣች። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኗን አተኮሳት። ፓራሲታሞል ሲሰጣት ይበርድላታል፣ ጥቂት ቆይቶ ይነሳባታል። እኔና እናቴ «በረደላት እኮ» ስንል እህቴ ልጇን አዝላ ወጣች፤ ተከተልኳት።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቴርሞሜትሩን ሕፃኗ ብብት ሥር ሸጉጣ መጀመሪያ የጠየቀችው «ከየት ነው የመጣችሁት?» ብላ ነው። ለካ ደጋ መቀመጥ ለወባ ዋስትና አይደለም። ቆላ የነከሰችው ትንኝ ወባዋ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላም ይቀሰቀሳል።

ከዚያ የሕፃኗን ልብስ ገልጣ፣ አንዴ ደረቷን አንዴ ሰዓቷን እያየች ትንፋሿን ቆጠረች። ልጅቷ ስታለቅስ ተወችው፤ እስክትረጋጋ ጠብቃ ከአንድ ጀመረች፣ ሙሉ ደቂቃ። በዚህ ዕድሜ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ይጠረጠራል። ጡት ስትይዝ ተመለከተች፤ ደም እንዳነሳት ለማየት መዳፏን ገለጠች፤ አንገቷ ይታጠፍ እንደሆነ ሞከረች። 38.7ን የጻፈችው ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው። እኛ ቤት ግን ግንባር ከመዳሰስ አልፎ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የጣቷ ደም ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ሆነ። ኮአርተም በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን ታዘዘላት።

«ቢበርድላትም እንዳታቋርጡ» አለችን። «ጡት እምቢ ካለች፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ከፈዘዘች ወይም ካንቀጠቀጣት በሌሊትም ቢሆን አምጧት። ሁለት ወር ያልሞላውን ሕፃን ሲያተኩሰውማ ይህንንም አትጠብቁ።»

«ምንም ሳይሆን ብንመጣስ?» አልኳት፤ አላስቻለኝም።

«ምንም ሳይሆን የሚመጣው ይበዛል፤ ደሞዜ ለእሱም ነው» ብላ ቀጣዩን ጠራች።