ከኤረር በር ወደ በርሊን የተላከ ወረቀት

የአባታችን ቤት በሐረር በኤረር በር አጠገብ ይገኛል። አንድ ነጋዴ ቤቱን ገዝቶ ሱቅ ሊያደርገው ቢጠይቀን፥ እናታችን የሁላችን ፊርማ ካልተገኘ አይሆንም ስላሉ፥ የውክልናውን ወረቀት አስይዘው በርሊን ወደምትኖረው ታናሽ እኅቴ ላኩኝ። እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ወረቀት ማስፈረም ቀላል ነገር መስሎኝ ሔድሁ።

በርሊንም እንደ ሐረር ቅጥር የነበራት ከተማ ናት። የኛን ጀጐል በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ጠላት እንዳይገባ ሲሆን፥ የበርሊኑን ግን የምሥራቁ መንግሥት በ1961 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው የምጽፈው) የሠራው የራሱ ሕዝብ እንዳይወጣ ነው። በምዕራቡ ወገን ክሮይትስበርግ የሚባለው ሰፈር ከግንቡ ሥር ስለ ነበረ ባለጸጋ አይፈልገውም፤ ኪራዩም ርካሽ ነበረ። ደግሞም የምዕራብ በርሊን ነዋሪ ለውትድርና አይጠራም ነበርና፥ ጠመንጃ መሸከም የማይወዱ ወጣቶች፥ ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች፥ ከቱርክ አገር የመጡ ሠራተኞችም በዚያ ተሰበሰቡ። በ1989 ግንቡ በፈረሰ ጊዜ በምሥራቁ በኩል ባዶ ቤት ስለ በዛ፥ ታኸለስ የሚባለውን የፈራረሰ አሮጌ መደብር ሠዓሊዎች በ1990 ያዙት። በ2012 ከዚያ ወጡ፤ ዛሬ በቦታው ውድ መኖሪያና መሥሪያ ቤት ቆሞበታል።

እኅቴ ሽማግሎች በሚጦሩበት ቤት ታገለግላለች። ሰፈሯን ስታሳየኝ፥ «ወንድም ጋሼ፥ እዚህ መጽሐፍ ይሸጥ ነበር፤ እዚህ ቱርኩ ዳቦ ይጋግር ነበር» እያለች የሌለውን እንጂ ያለውን አላሳየችኝም። እኔ ያየሁት ኮምፒውተራቸውን ዘርግተው በቡና ቤት ሲነግዱ የሚውሉትን ወጣቶች ነው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የቡናው ስም የኛው አገር ነበረ፤ ዋጋውን ግን ለእናታችን አልነገርኋቸውም።

ማታ አንድ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። የምትኖርበት ቤት ለኩባንያ ተሽጦ ኪራዩ ሊጨመር ነው። የበርሊን ከተማ ኪራይ እንዳይጨምር በ2020 ሕግ አውጥታ ነበረ፤ ነገር ግን በ2021 የአገሩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሥልጣኑ የማዕከላዊው መንግሥት ነው ሲል ሻረው። እኔም የፍርዱን ምክንያት በሥልጣን ረገድ ብመረምረው ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ይህንንም ስነግራት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዝም ብል በተሻለኝ ነበር።

በዚህ መካከል የኛን ወረቀት አወጣሁ። ሁለት ጊዜ አነበበችውና፥ «በጓሮው ክፍል የሚኖሩት አሮጊትስ ወዴት ይሔዳሉ?» አለችኝ። እኒያ ሴት ከበሩ አጠገብ አትክልት እየሸጡ ከልጅነታችን ጀምሮ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ወረቀቱን በእጄ የጻፍሁት እኔ ስሆን፥ ስለ እርሳቸው አንድ ቃል አልነበረበትም።

በምነሣበት ቀን ጧት ፈረመች፤ ነገር ግን ከፊርማዋ በላይ «አሮጊቷ በሕይወት እስካሉ ድረስ ክፍላቸው አይነካም» የሚል መስመር ጨመረችበት። ነጋዴው መስመሩ ካልተፋቀ አልገዛም አለ። እናታችንም አንብቤላቸው ሲያበቁ፥ «እንዲሁ ይቀመጥ» አሉኝ፤ እስከ ዛሬም በሣጥኔ ውስጥ አለ።