እንስራው የተሰበረ ለት

አብነት ላይ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ወፍጮ ቤቱ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ የጭቃ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ እያማረረች ከሰል ታቀጣጥላለች፤ ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤት «ቡና ጠጡ!» የሚል ጥሪ ይሰማል። መርካቶ ጥግ ላደገ ልጅ ዝምታ እንግዳ ነገር ነው። አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከሰፈሬ ውጭ ያደርኩባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታኅሣሥ 12 ቀን የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ፤ የዩኒቨርሲቲውና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህሮቻችን ጋር ወደ ገጠር እንድንወጣ ታዘዝን። 60,000 ያህል ነበርን። ለእኔ የደረሰኝ ወሎ፣ ዋግ አውራጃ ነው። እናቴ ዋግ በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም። የእድራችን ዳኛ «ከወልዲያም ወዲያ ነው» ብለው ሲነግሯት ጋቢዋን ተከናንባ ተቀመጠች። እስክሄድ ድረስ ብዙም አላናገረችኝም።

ደሴ አደርን፣ ወልዲያ አደርን። ከኮረም በጭነት መኪና ተጫንን፤ መንገዱ ሲያልቅ ስንቃችንን ተሸክመን በእግር ወረድን። የ1965ና የ66 ድርቅ ገና ከሰው ፊት አልጠፋም ነበር። በራቸው በእሾህ የተዘጋ የድንጋይ ቤቶች አየሁ። «ባለቤቶቹስ?» ብዬ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እኔንና አንዲት ጓደኛዬን ያሳደሩን ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ያለቻቸውን አንዲት አጎዛ ለእኛ አንጥፈው እሳቸው መሬት ላይ ይተኛሉ። ለማሽላ እንጀራው ማባያ ነጭ ማር ያቀርቡልናል፤ ማሩ ለገበያ የሚያወጡት፣ ጨው የሚገዙበት መሆኑን የሰማሁት ቆይቼ ነው። መጁን ይዤ ልፈጭ ስል ከእጄ ይቀበሉኛል። ጎረቤት ሰው ሲሞት ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጠራሩ ሲያልፉ እኔን የሚጠራ የለም። አብነት ሰው ሞቶ ቤት መቀመጥ ነውር ነው። እዚህ ግን እንግዳ ነኝና ማንም አይወቅሰኝም። ወቃሽ ማጣት እንደዚያ ሆድ የሚያስብስ አይመስለኝም ነበር።

ማስተማሩም ቀላል አልሆነም። ከዛፍ ሥር ሰሌዳ ሰቅለን ፊደል እናስቆጥራለን። ዘመቻው መሠረተ ትምህርት ያዘጋጀው በአምስት ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማሊኛ ነበር። እኛ «አገውኛ» የምንለው፣ እነሱ ግን ኽምጣና የሚሉት የልጆቹ ቋንቋ አልነበረበትም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንድ ቀን «ውሃ» ብዬ ጻፍኩና ማሰሮውን አሳየሁ። ከፊት የተቀመጠች፣ አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ አየት አድርጋኝ «አቍ» አለችኝ። ደገምኩላት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ አስተካከለችኝ፤ እንደገና ደገምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አንድ ቃል ሳስተምር እነሱ አንድ ቃል ያስተምሩኝ ጀመር። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር እንኳ፣ ሽማግሌዎቹ ያሉትን በከፊል የሰማሁት በዚያች ልጅ ትርጉም ነው። ርስት አገር ነውና ጥያቄያቸው ብዙ ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጠዋት እማማ አመማቸው። ሳልጠይቅ እንስራውን አነሣሁና ከልጃገረዶቹ ጋር ወደ ምንጩ ወረድኩ። አብነት ውሃ ከቦኖ በባልዲ ነበር የምንቀዳው፤ እንስራ በገመድ ጀርባ ላይ አዝሎ ዳገት መውጣት አላውቅም። ልጆቹ አሳዘሉኝ፤ ገመዱን ደረቴ ላይ አጥብቀው አሰሩልኝ። ውሃው በየእርምጃው ይናጣል፤ አንገቴ ላይ እየፈሰሰ ጀርባዬን አራሰው። ቤቱ ሊታየኝ ሲል ጠጠር አንሸራተተኝ። እንስራው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ያወጣውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ።

ስባሪውን በነጠላዬ ሰብስቤ ገባሁ። እንስራ የዋዛ ዕቃ አይደለም፤ ሸክላ ሠሪዋ ያለችው ሩቅ ነው፣ ዋጋውም ለዚያ ቤት ከባድ ነው። እያለቀስኩ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩላቸው። እማማ ከተኙበት ቀና ብለው ስባሪውን አገላብጠው አዩት። «ጉልበትሽን አሳዪኝ» አሉኝ። ደሙን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዳ እንስራ አይሰብርም፤ የሚሰብር የቤት ልጅ ነው» አሉና ከጓዳ አሮጌ እንስራቸውን አወጡ። «በይ ሳይሞቅ ሂጂ።»

ሄድኩ። በማግስቱም ሄድኩ። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆማ በስሜ ጠራችኝ።

ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ ሻደይ ሆነ። ሻደይ የሣሩ ስም ነው፤ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ያስሩታል፤ በዓሉም በስሙ ይጠራል። ያቺ አስተርጓሚዬ ራሴን እንድሠራ አስገደደችኝ፤ እማማ ዓይኔን ኳሉኝ። ሣሩ እርጥብ ነበር፤ ካኪ ሱሪዬን አስቀምጬ በተዋስኩት ቀሚስ ላይ ሲያስሩልኝ ቀዝቃዛ ጤዛው ወገቤ ድረስ ዘለቀ። በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተሳለምን። ከዚያ ከበሮ እየመታን በየደጁ ዞርን። ግጥሙን ገና አላውቀውም፤ መቀበሉን ግን ቻልኩበት። የየቤቱ አዛውንቶች ሲመርቁን እኔንም አብረው መረቁኝ፤ ማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጨዋታው ባለቀ ማግስት የዘመቻ ጣቢያው ሬዲዮ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ማረፍ ተናገረ። አብረውኝ ከዘመቱት አንዳንዶቹ ፈነጠዙ። እማማ ማጀት ገብተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ተከትያቸው ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለምን ከጓደኞችሽ ጋር አልሆንሽም ያለኝ ካለ፣ መልሴ የቤቱ ልጅ ነኝ የሚል ነበር።

በ1968 ክረምት ወደ አብነት ተመለስኩ። በጥቅምት 1977 የኮረም መጠለያ ምስል ዓለምን ሲያዳርስ ከዋግ በእግራቸው የወረዱ ሰዎች እዚያ እንደነበሩ አውቃለሁ። የሰፈራችን እድር ብርድ ልብስና እህል አዋጣ፤ ሳዋጣ እናቴ «ለማን ብለሽ ነው?» አላለችኝም። ጋዜጣ ባገኘሁ ቁጥር ፊቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። እማማን አላገኘኋቸውም። ያቺን ልጅም አላገኘኋትም።

ሻደይ አሁን አዲስ አበባም ይከበራል። ጉልበቴ ከፈቀደ እሄዳለሁ፤ ወገባቸው ላይ ሣር ያሰሩትን ልጆች እያስቆምኩ አገራቸውን እጠይቃለሁ። ባለፈው ጊዜ አንዷ የመንደሬን ስም ስነግራት አወቀችው። ምንጩ ዛሬም እንደሚቀዳ ነገረችኝ።