ቅጽ 1፣ ቁጥር 1

የተማሪ ጆርናል ቁጥር 1 ማውጣት ቀላል ነው፤ ዲኑ ይናገራሉ፣ ኬክ ይቆረሳል። ጉዱ ቁጥር 2 ላይ ነው።

ስድስት ሆነን ስንጀምር የፈራነው ጽሑፍ እንዳይጠፋ ነበር። ጽሑፍስ ሞልቷል፣ የጠፋው ገምጋሚ ነው! አንድ መምህር ወረቀቱን አራት ወር ይዘውት ከረሙ። ስም ደብቀን ብንሰጥም «ይሄማ የእገሌ ነው» ይሉናል፤ ሠላሳ ሰው ባለበት ክፍል ማን የማንን አጻጻፍ አያውቅም? የዶርም ጓደኛችንን ጽሑፍ ውድቅ አድርገን ማታ ካፌ አብረን መሰለፍስ? (ሽሮው አልወረደልንም።)

ሃርቫርድ ሎው ሪቪውን እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ የሚያዘጋጁት ተማሪዎች ናቸው። እነሱም ይመረቃሉ፤ ተተኪዎቹ ግን ቀድመው ገብተው ሥራውን ይለማመዳሉ። እኛም ለምርቃት ሁለት ወር ሲቀረን ሁለተኛ ዓመቶችን ሰብስበን የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ከነገምጋሚዎቹ ዝርዝር አስረከብን። አንዷ መጀመሪያ የጠየቀችን ስለዚያ ልጅ ነው፤ «አሁን ያናግራችኋል?»

ያናግረናል። ቁጥር 2ን ያወጡት እነሱ ናቸው።