የእማማ እንዝርት

እማማ ሰዓት አልነበራትም። ማለዳውን በቀጨኔ መድኃኔዓለም ደወል፣ የሽሮውን መንተክተክ በአቡነ ዘበሰማያት ቁጥር፣ የፈተለችውን ደግሞ በውዳሴ ማርያም ትለካው ነበር። «የሰኞው ሳያልቅ ይቺን ልቃቂት እጨርሳታለሁ» ትላለች። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሎ የሚደገም ስለሆነ፣ እኛ ልጆች ዕለቱ ረቡዕ ይሁን ሐሙስ የምንለየው ከአፏ ሰምተን ነው። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ቤታችን የገባው በኋላ ነው።

ዘመኑ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። እማማ ጥጥ እየፈተለች ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ትሸጣለች። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን የሴት እጅ ይፈልጋል። ጥጡን ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን ታዘጋጃለች፤ ከዚያ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው ከንፈሯም አብሮ ይነሳል። ክሩ ሲበጠስ ጸሎቱም ይቆማል። ጫፉን በምራቋ አርሳ ትቀጥለዋለች፤ የቆመችበትን ቃል ትፈልግና ሁለቱንም ካቆመችበት ትጀምራለች።

ሌላውም ሥራዋ እንደዚያው ነበር። ሊጡን አቡክታ ስትከድነው ታማትብበታለች። ሞሰቡን ስትከፍት በስመ አብ ትላለች። ስታዛጋ እንኳ አውራ ጣቷ አፏ ላይ መስቀል ይሠራል። በወር በወር በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔዓለም እንዝርቱ ሥራ ይፈታል። እሑዶቹ ሲደመሩበት፣ በልቃቂት ለሚከፈላት ሴት ይሄ ትንሽ ነገር አልነበረም። የሚካኤል ዕለት የጽዋ ማኅበርተኞቿ ይሰበሰባሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው በምርቃት ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ቤት ይሸኛል። ተረኛዋ እማማ የሆነች ወር፣ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሽሮው ይቀጥናል። ለምን እንደሆነ ስለምናውቅ ማንም አያጉረመርምም።

ሰዓት እላፊ ስለነበር ሌሊት ወጥቶ ማኅሌት መቆም አይታሰብም። ደወሉ ሲሰማ ግን ተነስታ አልጋዋ አጠገብ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ትቆማለች። ስንት ሌሊት ብንን ስል፣ በጨለማው ውስጥ የነጠላዋን ንጣት ብቻ አይቼ ተመልሼ ተኝቻለሁ።

እሑድ ጧት ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘበት ደግሞ ለስኳር ሲሰለፍ ፊት ይነሱታል። ስለዚህ እማማ ትሄዳለች፤ እኔንም አስከትላ ከፊት ትቀመጣለች። መፈክር ሲባል ከሰው እኩል ግራ እጇን ታነሳለች። ነጠላዋ ሥር ግን የቀኝ እጇ አውራ ጣት የጣቶቿን አንጓ አንድ በአንድ እየነካ ይወርዳል፤ 41 እግዚኦታዋን እየቆጠረች ነው። አንድ ቀን ወጣቱ ሰብሳቢ ዓይኑን ጣለባትና «እማማ፣ ምን እያሉ ነው?» አላት። «ዕድሜ ነው ልጄ፣ ከንፈሬ ብቻውን ይሠራል» አለችው። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ፈራሁ፤ ጣቷን ሳይ ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር።

ቅድስት ነበረች ልላችሁ አይደለም። የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነው። ከጎረቤታችን ጋር በእንስራ ተራ የተጣሉ ሰሞን ግን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከቅጽሩ በር አላለፈችም። በሩን ተሳልማ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆመች። «አትገቢም?» ስላት መልስ አልሰጠችኝም። ቤት እንደደረስን «ሂድ፣ ያቺን ሴትዮ ቡና ጠጪ ብላለች በላት» አለችኝ። ሴትዮዋ መጣች። አቦሉን ተኳርፈው ጠጡት፤ ቶናው ላይ ስለ በርበሬ ዋጋ አወሩ፤ በበረካው ታረቁ።

የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፌ ዳዊት የደገምኩ ዓመት፣ ዕውቀት ራሴ ላይ ወጣ። እማማ ማንበብ አትችልም። ውዳሴ ማርያምን የያዘችው በልጅነቷ ከአባቷ አፍ እየሰማች ነው፤ የግእዙን ፍቺ ብትጠየቅ ብዙውን አትመልሰውም። አንድ ማክሰኞ መጽሐፉን ዘርግቼ ስከታተላት፣ አንዱን ቃል ስትውጠው፣ ሁለቱን ደግሞ አጣብቃ አንድ ስታደርጋቸው ያዝኳት።

«እማማ፣ ተሳሳትሽ! እንዲህ አይደለም የሚባለው።»

እንዝርቱን አቁማ ሰማችኝ። እየተከተለችኝ አንዴ፣ ሁለቴ በትክክል አለችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም ልጄ። አርባ ዓመት እንዲህ ስላት ስትሰማኝ ኖራለች። ዛሬ አስተካክዬ ብጠራት ድምፄ ይጠፋባታል።»

እንዝርቱን አሽከረከረችና ከነስሕተቷ ቀጠለች። ተናድጄ ለየኔታ ከሰስኳት። የኔታ አለንጋቸውን አነሱ፤ «እሷን አርም ብዬ ነው ያስተማርኩህ?» ብለው ወደ ቦታዬ መለሱኝ።

እማማ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗል። ቤቱ ፈርሷል፤ እንዝርቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ውዳሴ ማርያም ስልኬ ውስጥ አለ፤ በየዕለቱ ተከፋፍሎ፣ ከነትርጉሙ፣ በጠራ ድምፅ ይነበባል። ሁልጊዜ የሚያጥረኝ ጊዜ ነው። ጧት ለሥራ እቸኩላለሁ፣ ማታ ይደክመኛል፤ ጸጥ ያለ ሰዓት ሳገኝ እጸልያለሁ እያልኩ ሳምንቱ ያልቃል። እማማ ግን ጸጥ ያለ ሰዓት ኖሯት አያውቅም ነበር። ስድስት ልጅ በሚራወጥበት ክፍል፣ ጭስ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ የቀበሌ ጥሩምባ በር ላይ እየጮኸ ነው የኖረችው። ጊዜ ሲገኝ ብላ ብትጠብቅ ኖሮ አንድም ቀን ባልጸለየች።

ባለፈው ማክሰኞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የስልኩን ድምፅ በለሆሳስ እየተከተልኩ ሳለ ያ ቦታ ደረሰ። ድምፁ በትክክል አነበበው። አፌ ግን ቃሉን ዋጠው፣ ሁለቱንም አጣበቀና አንድ አደረጋቸው። ደንግጬ ስልኩን ወደ ኋላ መለስኩት፤ ላርመው ነበር አሳቤ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አልኩ፤ ድምፁ እንደገና እዚያው ሲደርስ፣ አሁን ሆን ብዬ፣ እሷ እንደምትለው አልኩት።