ገመዱ ከጨረቃ ይቅደም

ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በመዶሻ ድምፅ ነቃሁ። ጭሮ ውስጥ በዚያ ሰዓት መዶሻ ከተሰማ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። በመስኮት ስመለከት ከሰፈራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ሁለት የሞባይል መብራት ይንቀሳቀሳል። አንዱን የያዘችው ሴት ልጅ አዝላለች። ባሏ መሰላል ላይ ሆኖ ቆርቆሮ ይመታል፤ ከታች ሁለት ጎረምሶች ጭቃ ያቦካሉ። ቋሚውና ማገሩ የቆመው ዓርብ ማታ፣ መሥሪያ ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። እሑድ ማታ በር ተገጠመ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ደጃፉ ላይ ጀበና ተጥዶ አየሁ። ሰው የገባበትን፣ ቡና የሚፈላበትን ቤት ለማፍረስ የማንም እጅ ይከብዳል። ጀበናው የተጣደው ለዚያ ነው።

ጨረቃ ቤት የምንለው ይህ ነው። ካርታ የለውም፣ ውኃ የለውም፣ መብራቱ ከጎረቤት በሽቦ ይሳባል። ደንብ አስከባሪ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር የልጆቹ ፊት ይለዋወጣል።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። መናኸሪያ ጭነት ያወርዳል፤ ሚስቱ እንጀራ ትሸጣለች። አንዲት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ አከራያቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨመረባቸው። እቁባቸው ሲደርሳቸው ብሩን ወስደው ለደላላ ሰጡ። «ሕገወጥ መሆኑን ታውቃለህ አይደል?» አልኩት። «ሕጋዊው የቱ ጋ ነው? አሳየኝና አሁኑኑ ልሂድ» አለኝ። የማሳየው ቦታ አልነበረኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ እናንተም እንድታስቡበት ነው የምጽፈው። እንደ ጭሮ፣ እንደ ገለምሶ፣ እንደ ሂርና ባለ ከተማ መንግሥት ለድሃ ቤት ብሎ የሚመድበው ብር መጀመሪያ መዋል ያለበት ቦታ ማዘጋጀት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሸነሸነ፣ መንገዱ የተከፈተ፣ የውኃ መስመር የደረሰበት፣ ካርታ ያለው፣ ዋጋው የቀን ሠራተኛ አቅም የሚችለው ቦታ። ቤቱን ሰው ራሱ ይሠራዋል። ያ ሰውዬ እኮ በሦስት ሌሊት ሠርቷል።

ጭሮ ራሷ ስትቆረቆር ዕቅዱ ከሰፈራው ቀድሞ ነበር። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ለማድረግ ሲነሡም ያኔ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ይህችን ከተማ ቆረቆሩ። የያኔው ስሟ ከራስ ተፈሪ ስም የመጣ ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኚሁ ሰው ናቸው። ዘመኑን አላወድስም፤ የገባርነት ዘመን ነበር። ነገር ግን ከተማ ማለት በቅድሚያ የሚታሰብ፣ የሚለካ ነገር መሆኑን የተረዳ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት እዚሁ ቆሞ ነበር። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሰው ይሰፍራል፣ ከዓመታት በኋላ መሐንዲስ ይመጣል፣ መንገድ ለማውጣት ቤት ይፈርሳል።

እኔ ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያ የሚሰጥ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተባለ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ገቡ። ብዙ ድሃ በዚያ አዋጅ ጣሪያ አግኝቷል፤ የእኔም ቤተሰብ አንዱ ነው። የእናቴ ኪራይ ዛሬም ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ በታች ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ግን የሚመለከተው አካል አይገኝም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሣፋ የምናስቀምጥበትን ቦታ ልጆች ሆነን በቃላችን እናውቀው ነበር። ደግሞም የተወረሰው ቤት ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ ቤት ቤትን አይወልድም። ከእኔ በኋላ ለተወለደው አልተረፈም።

ከዚያ ሊዝ መጣ፤ በ1986፣ እንደገና በ1994፣ እንደገና በ2004 ዓ.ም. አሁን የምናውቀው የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ነው። የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል፤ ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። በጨረታ የሚያሸንፈው በሰጠው ዋጋና ቀድሞ በሚከፍለው መጠን ተመዝኖ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለጨረታ የሚወጣው ቦታ ጥቂት ሲሆን መናኸሪያ ጭነት የሚያወርድ ሰው ከጫት ነጋዴ፣ ከቡና ነጋዴ፣ ዐረብ አገር ልጅ ካለው ቤተሰብ ጋር ነው የሚፎካከረው። አይችልም። ምደባው፣ ሕዝቡ በድሮ ስሙ ምሪት የሚለው፣ ለዚህ ሰው ነበር መድረስ የነበረበት። ለመስጠት ግን መጀመሪያ የተዘጋጀ ቦታ መኖር አለበት።

ኮንዶሚኒየሙስ ትሉኝ ይሆናል። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1998 ዓ.ም. ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ አገሩ ሁሉ ተስፋ አድርጎ ነበር። ለአገር አቀፉ ፕሮግራም የታቀደው 400 ሺህ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ግን ብዙ ሳይሄድ ቆመ፤ ዋናው ምክንያት የሚመዘገበው ሰው ማነሱና ያለውም መክፈል አለመቻሉ ነበር። በትንሽ ከተማ ቅድሚያ ክፍያና ወርሃዊ ዕዳ የሚችለው ሰው በራሱ ግቢ ቤት መሥራት ይመርጣል፤ የማይችለው ደግሞ ኮንዶሚኒየሙንም አይችለውም። በርበሬ የሚሰጣበት ደጅ፣ ጥቂት ዶሮና አንድ በግ የሚያድሩበት ጥግ፣ ልጅ ሲያገባ የሚቀጠል አንድ ክፍል፣ እነዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ አይወጡም። አዲስ አበባ እንኳ በ2005 ዓ.ም. ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ ስንቱ ዛሬም ዕጣ ይጠብቃል።

ቦታን ቀድሞ ማዘጋጀት ሌላ አገር ተሞክሯል፤ ናይሮቢ ዳንዶራ የሚባል ሰፈር አለ። በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) በዓለም ባንክ ብድር 6,000 ቦታ ተሸንሽኖ፣ መንገድ፣ ውኃና የፍሳሽ መስመር ገብቶለት ለድሃ ተሰጠ፤ ቤቱን ነዋሪው ቀስ በቀስ ሠራ። ችግር አልጠፋበትም፤ ብዙዎች ቦታቸውን ላለው ሸጠው ሄደዋል፣ ሰፈሩም በኋላ ተጨናነቀ። ከስሕተቱ መማር ይገባል። ቢሆንም መንገዱና ፍሳሹ ከቤቱ ቀድሞ ስለገባ እነሱን ለማውጣት ሲባል ቤት ማፍረስ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ገበሬው። ጭሮ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። የምትሰፋው ወይ ወደ ተዳፋቱ ወይ ወደ ገበሬው ማሳ ነው፤ የገበሬው ማሳ ደግሞ ጫት ነው። በቅርቡ ከከተማው ጫፍ አንድ አባት ጋር እርከናቸው ላይ ተቀምጬ ነበር። ጫቱን በሦስት መደብ ከፍለውታል፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ያቆጠቁጣል። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ነው። «አባቴ፣ ከተማው ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከተማው ሳይመጣብኝ እኔ እሸጠዋለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ስግብግብነት አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

የፍርሃታቸውን ምንጭ ማየት ያስፈልጋል። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የማፈናቀያ ካሳውን ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈል ይል ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛ አለ፤ መሬቱን ከማስረከቡ አንድ ዓመት ቀድሞም እንዲነገረው አዘዘ። በወረቀት ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን የጫት ገቢ በምን ይለካል? ሽያጩ ደረሰኝ የለውም። ዋጋው በጠዋትና በከሰዓት ይለያያል፣ በሳምንት ውስጥ እጥፍ ሆኖ ይወርዳል። ገማቹ ዝቅ ያለውን ቁጥር ከጻፈ 15 እጥፉም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ገበሬው በልቡ ያሰላል። መንግሥት ሲመጣ የሚያገኘውን አያውቅም፤ ደላላው ግን ዛሬ ብር ይዞ ደጁ ቆሟል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። ስለዚህ የሽያጩ ወረቀት የብድር ውል ወይም የስጦታ ውል ይባላል፣ ምስክር ይፈርማል፣ ሁሉም ያውቃል። ደላላው ማሳውን ቆራርሶ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ሰው ይሸጣል። መንገድ አይተውም፣ የጎርፍ መውረጃ አይተውም። ዓርብ ማታ ቋሚ ይቆማል። ከእኔ መስኮት በላይ ያለው ቤት የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ለእኔ የገበሬው ካሳ ራሱ የቤት ፖሊሲ ነው። ገበሬው በወጉ ቢከፈለው፣ የጫቱ ገቢ ገበያውን በሚያውቁና ገበሬው በሚያምናቸው ሰዎች ቢገመት፣ ከማሳው ላይ ለራሱና ለልጆቹ ካርታ ያለው ቦታ ቢቀርለት፣ ለደላላው ምን ብሎ ይሸጣል? ለሕንፃ ከሚፈሰው ብር ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ስንት ጨረቃ ቤት ሳይሠራ በቀረ። ገበሬው ጉዳት ደርሶበት የሚገኝ «ርካሽ ቤት» ርካሽ አይደለም፤ ዕዳው ከአንዱ ድሃ ወደ ሌላው ድሃ ዞረ ማለት ነው።

ፕላን የለም ማለቴ አይደለም። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 እያንዳንዱ ከተማ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል መዋቅራዊ ፕላን፣ ከሥሩም የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ሕዝብም እንዲወያይበት ያዛል። መመዘኛውም አለ፤ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ስፍራ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ችግሩ ፕላኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መሬቱ ላይ ገመድ ሳይዘረጋ፣ ችካል ሳይተከል ዓመታት ማለፋቸው ነው። ለካሳና ለቅየሳ ብር ያልተመደበለት ፕላን ሥዕል ነው።

ስንት ሰው እንደምናሰፍር በቅጡ ሳናውቅ ማቀዳችንም ያሳስበኛል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማችን ሕዝብ 18,678 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 33,670 ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል 80 በመቶ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም። በዚህ መካከል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የነበረው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መምህርና ሠራተኛ ኪራይ ፈላጊ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችንን ምዕራብ ሐረርጌም ተቀበለ። የገጠሩ ልጅ መሬት ስላልደረሰው ወደ ከተማ ይወርዳል። በ1999ኙ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ከተሜው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ገና የሚመጣው ነው የሚበዛው።

ለዚህም ነው ስለ ትንንሾቹ ከተሞች የምጨነቀው። ሚኤሶ ሜዳ አላት፣ የጅቡቲው ባቡርም ያልፍባታል። ሂርና፣ በደሳ፣ መቻራ፣ አሰቦት ገና ገመድ ቢዘረጋባቸው ብዙ ቤት ሳይፈርስ የሚያምሩ ከተሞች ናቸው። ጭሮን ዛሬ የሚያስወጣት ወጪ እነሱ ዘንድ ገና አልመጣም።

የተጀመረውን ሁሉ መንቀፌ አይደለም። የኪራይ ቁጥጥሩ አዋጅ፣ የ2016ቱ ቁጥር 1320፣ ቅድሚያ ክፍያን በሁለት ወር መገደቡና ውሉን ቢያንስ ሁለት ዓመት ማድረጉ ጥሩ ነው፤ በከተሞቻችን በተግባር ሲውል ማየት እፈልጋለሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የወረደውን የኮሪደር ልማትም አልጠላም፤ መብራት ያለው የእግረኛ መንገድ የድሃም ልጅ ይሄድበታል። የምለምነው ከመንገዱ ጀርባ ላለው ሰፈርም ያው ትጋት፣ ያው የሌሊት ሥራ፣ ያው ብር እንዲደርስ ነው።

ትናንት ሳልፍ በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት አየሁ። ጀበናው ደጃፉ ላይ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ከነልጇ ወደ ጎዳና መውጣቷን አልፈልግም፤ ጎርፍ መውረጃ ላይ መኖሯንም አልፈልግም። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት የምትሄድበት የተለካ ቦታ ይሰጣት።

የአዲሱ ዓመት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት በየከተማችሁ ስብሰባ ሲጠራ እባካችሁ ሂዱ። የምክር ቤት አባሎቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ዘንድሮ መንገድና ውኃ ገብቶለት የሚሸነሸነው ቦታ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ያለ ጨረታ፣ በዕጣ፣ ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ስንት ነው? ማሳው ለሚወሰድበት ገበሬ የተያዘው ካሳ ስንት ብር ነው? መልሱ በቁጥር እስኪነገራችሁ ከአዳራሹ አትውጡ።