የቀደምት ኪታብ፣ ሐላል እንጀራና የልብ እርጋታ



የተከበራችሁ አንባብያን፤ ሪዝቅን የሚሰጠው አላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለልጆቻችንም እናስተምራለን። ይሁንና የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ሲቃረብ፣ ዘይቱ ሲያልቅ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠየቅ፣ ያ በምላሳችን የምንናገረው እውነት ልባችን ውስጥ ሳይረጋ ይቀርና ሌሊቱን በሐሳብ እናነጋለን። ስለ ሪዝቅ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወስዋስም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ቤት ሲገናኙ ምን እንደሚደረግ ግን ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። ስለዚህ በቤታችን የሆነውንና ከዑለማእ ኪታብ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የምንኖረው ብስራተ ገብርኤል ነው። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። እኔ ከማግባቴ በፊት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሠርቻለሁ። የዐረብኛውን ፊደል ደግሞ አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ደሴ ሳለን አስተምረውኛል። እንግዲህ በእጃችን የነበረው አንድ ኮምፒዩተርና ይህች ሙያ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ጭንቀታችንን የሰማ አንድ ዘመዳችን መጣ። «እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የአማርኛ ኢስላማዊ መጻሕፍት ሞልተዋል። በደንብ የሚሸጠውን አንዱን እናውርድና ሽፋኑን ቀይረን እናሳትመው። አንዋር መስጊድ አካባቢ ብናወጣው ወዲያው ያልቃል። ደግሞስ የዲን ዕውቀት የሁሉም አይደል? ማን ይጠይቅሻል?» አለኝ። ክፋት አስቦ ሳይሆን አዝኖልን ነው።

እምቢ ማለቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ሌሊት ነው። በአንድ በኩል «ልጆችሽ ከሚቸገሩ ብታደርጊው ምን አለበት? ሁሉም ያደርገዋል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እሱን ሳባርረው ደግሞ «እንዲያውም የዲን መጽሐፍ መሸጥ ራሱ በአላህ ቃል መነገድ ነው፤ እጅሽን ሰብስቢና ተቀመጪ» የሚል ሌላ ሐሳብ ይተካል። አንዱ ሐራሙን ያሳምራል፤ ሌላው ሐላሉን ያጠቁራል። ሁለቱም የሚጮኹት ድንበሩ የት እንደሆነ ባልታወቀበት ቦታ ላይ መሆኑን ቀስ በቀስ አስተዋልኩ። ስለዚህ ልቤን ከማረጋጋቴ በፊት ድንበሩን መጠየቅ ነበረብኝ።

ድንበሩ የት ነው?

በመስጊዳችን የሚያስተምሩን ኡስታዝ ጉዳዩን በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ አንድ ውሳኔ አወሱልኝ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በታኅሣሥ 1981 ዓ.ም. (1988 እ.ኤ.አ.) ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ የባለቤቱ ሐቅ መሆኑንና ሊደፈር እንደማይገባው ወስኗል። ዕውቀቱ የሁሉም ነው፤ ጸሐፊው ያፈሰሰው ድካምና ገንዘብ ግን የእሱ ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው የተረጎመውን ሽፋን ቀይሮ መሸጥ የሰው ሐቅ መብላት ነው፤ «የዲን ዕውቀት ነው» መባሉም አያነጻውም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚደነግገው ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ከሥራው የሚገኘው የገንዘብ ጥቅም የእሱና የወራሾቹ ነው። ያ ዘመን ሲያልፍ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ማንም ሊያሳትመው፣ ሊተረጉመው፣ ሊሸጠውም ይችላል።

ይህን በምሳሌ እንየው። ኢማም አን-ነወዊ ያረፉት በ676 ዓመተ ሂጅራ (1277 እ.ኤ.አ.) ነው። ድርሳኖቻቸው ለሁሉም ክፍት ናቸው። በወሎ የአኒው ሸኽ ጀማሉዲን ያረፉት በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእሳቸውም ዘመን አልፏል። የወሎን የእስልምና ታሪክ ያጠኑት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ግን ያረፉት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሥራዎቻቸው ገና ለብዙ ዓመታት የተጠበቁ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኪታቡ ቢያረጅም ትርጉሙ አዲስ ሊሆን ይችላል። የባልኹ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በ322 ዓመተ ሂጅራ (934 እ.ኤ.አ.) አልፈዋል። ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና የጻፉት ኪታብ በ1984 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከእጅ ጽሑፉ በፎቶ ተነሥቶ ታተመ። ስለ ነፍስ የሚናገረውን ክፍል ደግሞ ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አወጡት። ዐረብኛው መሠረት የሁሉም ነው፤ እንግሊዝኛው ግን የተርጓሚው ድካም ነው። በዘመናችን ሊቃውንት የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ፣ መቅድምና ማብራሪያም እንዲሁ ነው። የቆየ የእጅ ጽሑፍ በአንድ ቤተሰብ እጅ ካለ ደግሞ የጥበቃው ዘመን ቢያልፍም ባለቤቶቹን ማስፈቀድ አደብ ነው።

«በአላህ ቃል መነገድ» የሚለውንም ሐሳብ ኡስታዙ ፈቱልኝ። የአላህን ኪታብ ተጠቅሞ ለደከሙበት ዋጋ መቀበል እንደሚቻል በቡኻሪ በተዘገበው በኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ተመልክቷል። ሰው የሚከፍለው ለወረቀቱ፣ ለለቀማው፣ ለእርማቱና ለጥራዙ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእጅ ሥራ ከሚገኝ ምግብ የተሻለ እንደሌለ፣ ነቢዩላህ ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነግረውናል። የበስራው ዛሂድ ማሊክ ኢብን ዲናር ሙስሐፍ እየገለበጡ በሚያገኙት ይኖሩ ነበር። የመጻሕፍትን ዝርዝር በ377 ዓመተ ሂጅራ ያዘጋጀው ኢብን አን-ነዲምም መጽሐፍ እየገለበጠ የሚሸጥ ወራቅ ነበር። በአገራችንም የሐረር ሰዎች በመገልበጥና በመጠረዝ የታወቁ ነበሩ፤ ሐረር ጁገል ውስጥ በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡት የእጅ ጽሑፎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ስለዚህ ሥራው አዲስ አይደለም፤ ከብዕር ወደ ማተሚያ ተሻገረ እንጂ።

የሠራነው ሥራ

ድንበሩ ሲታወቅ ሥራው ቀለለ። ከኢማም አን-ነወዊ «አል-አዝካር» የጠዋትና የማታ ዚክሮችን፣ የእንቅልፍ ዱዓዎችንና ስለ ወስዋስ የሚናገረውን ምዕራፍ መረጥን። ኡስታዙ አማርኛውን ከማንም ሳይገለብጡ በራሳቸው ተረጎሙ። እኔ ፊደሉን ለቀምኩ። ዐረብኛውን በትልልቅ ፊደል ከነሐረካው አደረግነው፤ ምክንያቱም ዓይናቸው የደከመ እናቶቻችን በገበያ ባሉት ትንንሽ የዱዓ መጻሕፍት እንደሚቸገሩ አውቃለሁ። ሥራችን ይህ ነበር፤ ኪታቡ የኢማሙ ነው፣ ለእናቶች ዓይን ማመቻቸቱ የእኛ ነው።

እርማቱን ሦስት ጊዜ አነበብነው። በሐረካ አንድ ስሕተት ትርጉም ሊገለብጥ ስለሚችል አራተኛውን ንባብ ቂርኣት ለሚያውቅ ሌላ ሰው ሰጠነው። በሽፋኑ ላይ የኢማሙን ስም በትልቁ፣ የተርጓሚውን በትንሹ ጻፍን። ከውስጥ በኩል ደግሞ ይህ ሙሉው ኪታብ ሳይሆን ከእሱ የተመረጠ መሆኑን በግልጽ አሰፈርን። ገዢ የሚገዛውን ማወቅ አለበትና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥቡን ከሥር ሲያገኙት ሻጩን እንዴት እንደገሠጹት እናስታውስ። ገጽ የጎደለው መጽሐፍም ከሥሩ እርጥብ እንደሆነ እህል ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እንደ ተረት አላወራችሁም። ያሳተምነው 500 ኮፒ ብቻ ነበር። መጻሕፍት ቤቶች ከመቶ 30 ወሰዱ፤ ኡስታዙም የተስማማንበትን ድርሻ አገኙ። ለማለቅ 5 ወር ፈጀ። የወረቀት ዋጋ እየጨመረ ስለሄደ ሁለተኛውን እትም ከማሳተማችን በፊት ሒሳቡን እንደገና መሥራት ነበረብን። ሙሉ የቤት ኪራያችንን አልቻለም፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ችሏል። ባለቤቴም ሥራ እየፈለገ ሳለ መጽሐፉን ወደ መድረሳዎች ያደርስ ነበር። አልሐምዱሊላህ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ስንበላው ጉሮሯችን ላይ የሚቆም ነገር የለውም።

ስለ ወስዋስ የተጻፈው ምዕራፍ

ወንድሞችና እህቶች፤ ፊደል የሚለቅም ሰው እያንዳንዷን ቃል ቀስ ብሎ ያልፋታል። እኔም ያንን ምዕራፍ ስለቅም ለአንባቢ የማዘጋጀው መድኃኒት መጀመሪያ ለእኔ እንደደረሰ ተሰማኝ።

በምዕራፉ ካሉት ሐዲሶች አንዱ ሸይጧን ሰውን በጥያቄ ላይ ጥያቄ እየደራረበ ወደ ክህደት እንደሚስበው ይናገራል። መፍትሔው ሁለት ነገር ነው፤ በአላህ መጠበቅና እዚያው ላይ ማቆም። ማቆም የሚለውን ልብ እንበል። ሐሳቡን ተከራክረን እንድናሸንፈው አልታዘዝንም፤ እንዳንከተለው ነው የታዘዝነው። የሌሊት ሐሳብም እንዲሁ ነው። «ባይሸጥስ? ኪራይ ቢጨምርስ? ልጁ ቢታመምስ?» እያለ አንዱ «ቢሆንስ» ሌላውን ይወልዳል። መልስ በሰጠነው ቁጥር አዲስ ጥያቄ ያመጣል።

ሌላው ኢማሙ ያሰፈሩት የአቡ ሱለይማን አድ-ዳራኒ ምክር ነው። ደቀ መዝሙራቸው አሕመድ ኢብን አቢል ሐዋሪ ስለ ወስዋስ ሲያማክራቸው፣ በመጣብህ ጊዜ ደስ ይበልህ አሉት። ሸይጧን የሙእሚንን ደስታ እንደሚጠላው የሚጠላው ነገር ስለሌለ፣ ካዘንክለት ይጨምራል፤ ከተደሰትክ ይሸሻል። ኢማሙም ይህን ሲደግፉ ሌባ የፈረሰ ቤት እንደማይፈልግ የተናገሩ ዑለማእ መኖራቸውን ያወሳሉ። ወስዋስ የመጣበት ሰው ኢማኑ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰሐቦችም ለመናገር የሚከብዳቸው ሐሳብ ይመጣባቸው እንደነበር ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው፣ ያንን መጥላታቸው ራሱ የኢማን ምልክት መሆኑን አስረድተዋቸዋል። ይህን ለልጆቻችን፣ በተለይ ለወጣቶቹ፣ ብንነግራቸው ብዙ ሥውር ጭንቀት ይቀልላቸዋል።

ከላይ ያነሣናቸው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ደግሞ ሌላ ጥበብ ያስተምራሉ። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በረጋ ጊዜ መልካም ሐሳቦችን አዘጋጅቶ ለጭንቀት ቀን ያስቀምጥ ይላሉ። ወስዋስ ያለበት ሰውም ብቻውን ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ እንዲርቅ ይመክራሉ።

እኛም በቤታችን እንዲህ አድርገናል። ከመግሪብ በኋላ የሚያሳስበንን ነገር በደብተር እንጽፋለን። ነገ የምንሠራበትን በአንድ በኩል፣ በእጃችን የሌለውን በሌላ በኩል እናደርገዋለን። የመጀመሪያውን ለጠዋት እናቆየዋለን፤ ሁለተኛውን በዱዓ ለአላህ እንሰጣለን። ከዚያ ደብተሩ ይዘጋል። ልጆቹ ጋር የእንቅልፍ ዚክራችንን ብለን እንተኛለን። ሐሳቡ ሌሊት ተመልሶ ቢመጣ «በደብተር ተጽፏል» ብዬ በአላህ እጠበቅና እዚያው ላይ አቆማለሁ። ወፎች ጠዋት ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው እንደሚመለሱ በሐዲስ ተነግሮናል፤ ወፏ ከጎጆዋ መውጣቷን ግን አንርሳ። መውጣቱ ሥራ ነው፤ መጥገቡ የአላህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሐሳቡ ለሳምንታት እንቅልፍ የሚነሳ፣ ከሶላትና ከሥራ የሚያግድ፣ ወይም ራስን ወደ መጉዳት የሚገፋ ከሆነ፣ ሐኪም ማየት የኢማን ድክመት አይደለም። በከተማችን የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌሎችም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ነግረው እንድንታከም አዘውናል።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ደራሲው መቼ እንዳለፈ አረጋግጡ። የዘመናችንን ሰው ትርጉምና ማብራሪያ አትንኩ። ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። የባለቤቱን ስም አትደብቁ። በትንሹ ጀምሩ። የቀደሙት ዑለማእ የተዉልን ሀብት ሰፊ ነው፤ የሰው ማዕድ ላይ እጅ ሳንዘረጋ ሁላችንንም ይበቃናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ ልቦቻችንንም በዚክሩ ያርጋልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።